ከዜሮ በታች

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣
ዓባይ ከጣና አፍ ሲወጣ፣ ከግድቡ ፊት ለፊት፣
ቁጥር የተሳለባት አንዲት ዘንግ አለችኝ፤
ሐይቁ የት እንደ ደረሰ እሷ ነች የምትነግረኝ።
ከአባቴ የወረስኩት ይህንኑ ነው፦ አያለሁ፣
አይቼም እጽፋለሁ።
ደመወዙ ለሳሙና እንኳን በቅጡ አይበቃ፣
ግን ቀን አይዘለልም፣ ጥምቀትም ፋሲካ።

በሮቹ አርጅተው ነበር። ብረቱን ዝገት በልቶት፣
ጎማው ተሰነጣጥቆ ሰንሰለቱ ከድቶት፣
ሦስተኛው በር በተለይ ሌት ከቀን ያፈስሳል፤
ያን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፌ ይከሳል።
ከሱ በታች፣ ከአለቱ ሥር፣ ባንቺአምላክ ደፈረች፣
በሾለከው ውኃ ሽንኩርት ተከለች።
መሐንዲሱ "ብልሽት" ይለዋል በወረቀት፤
እሷ "ሲሳዬ" ብላ ስም አወጣችለት።

የጥምቀት ማግሥት መጡ፣ ብርቱካናማ ቆብ ደፍተው፣
ክሬንና ጄኔሬተር በሎቤድ አስጎትተው።
"ሐይቁ ጥቂት ይቀንሳል፣ ለጊዜው ነው" አሉ።
ዘንጌን አየኋት፤ "ጥቂት" የለም ከቁጥሮቿ ሁሉ።

ወረደ።
አንድ ክንድ።
ሁለት።
ደንገሉ እግሩ ደርቆ ቆመ እንደ ማገዶ፣
ሞተር ጀልባው በሆዱ ተኛ፣ ጭቃ ላይ ወርዶ።
የደሴቱ መነኩሴ ከነዘንቢሉ በሰው ጀርባ ታዝሎ
ወደ ታንኳው ተሻገረ፣ "ቁልቁለት ሆነብኝ ባሕሩ" ብሎ።

ጣሂር ታንኳ ሠሪው ለደንገል ሲል ማለደ፣
ግማሽ ቀን ጭቃ ረግጦ አንድ ሸክም አጨደ።
"ቀጫጫ ነው" አለኝ፣ "እንኳን ዓሣ፣ መረብም አይሸከም።
ሐይቁ እስኪመለስ እጄ ሥራውን እንዳይረሳ እንጂ፣ ሌላስ አያሳስበኝም።"

ወንድይፍራው ግን ሳቀ። ጥቁር፣ ቅቤ የመሰለ አፈር
ወጣለት ከደጁ፤ ሽምብራ ዘራ እስከ ውኃው ዳር።
"ከሐይቁ ተበደርኩ" አለኝ፣ ጥርሱን እያሳየ፤
"ብድር ቀን አለው" አልኩት። ወደ ግድቡ አየ።

መጋቢት ሃያ አንድ፣ ውኃው ከዘንጓ እግር ሸሸ።
ዜሮ ደረቅ ላይ ቆመ።
ምን ብዬ ልጻፍ? ቢሮ ደወልኩ።
"ሰረዝ አድርጊ" አሉኝ፣ "ከዜሮ በታች አይቆጠርም።"
ሰረዝ!
ሰረዙ ውስጥ የጣሂር ቀጫጫ ደንገል አለ፣
አንድ እግር ጫማ አለ፣ ጭቃ የዋጠው፣
አባቴ ድሮ ውኃ ላይ ጥሎት ሲቆጭ የኖረው
የመዝገቡ ሳጥን ቁልፍ አለ፤
ከዘንጓ ሥር፣ ዝጎ፣ አገኘሁት።
ሳጥኑ ከተሰበረ ዘመን የለውም።
ከሰረዙ ጎን በእርሳስ ጻፍኩ፦
"ውኃ የለም። የአባቴ ቁልፍ ተገኘ።"

ሚያዝያ ሲያልቅ በሮቹ ተዘጉ። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ቀለም፤
አንዲት ጠብታ እንኳን ከሦስተኛው በር አትወጣም።
ዝናቡም ቸኮለ። ሽምብራው ገና እሸት ሳለ፣
ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሐይቁ "ብድሬን" አለ።
ወንድይፍራው እስከ ጉልበቱ ገብቶ የቻለውን ነቀለ፤
የተረፈውን ዓሣ በላው። ዓሣውን የጣሂር መረብ ተቀበለ።
ጣሂርም አንድ ወፍራም መርጦ ከደጁ ወሰደለት፣
"እንካ፣ ሽምብራህ ነው" አለው፤ ሁለቱም ሳቁለት።

ባንቺአምላክ አልሳቀችም። ሽንኩርቷ ጠወለገ።
ማንም አልበደላት። ግድቡ ዳነ፣ እሷን ጠማት።
ወደ ወጣቱ መሐንዲስ ሄዳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣
"ትንሽ፣ እንደ ድሮው፣ ብታስለቅሱልኝስ?" አለችው።
ሳቅ ሊል ነበር፤ አላለም።
"ለእንዲህ ያለው" አላት፣ "ቅጽ የለንም።"

ሌሊቱ ጸጥ ብሏል። እኔ አልተኛሁም።
ሁሉም ይላሉ፦ ግሩም ሥራ ነው፣ ጠብ አይልም።
አይልም።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ውኃው ዘንጓን እስከ ወገቧ ይዟታል፤
ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ጥሩ ቁጥር ነው፣ ቢሮው ይደሰታል።
ከጎኑ፣ በእርሳስ፦
"ባንቺአምላክ፣ ከዳገቱ በታች፣ በባልዲ። አሥራ አራት ምልልስ።"
ማታ ደግሞ እቆጥራለሁ።