ውሃ ልክ

ከመጣሁ ሳምንቴ፤ መንቲና ቤታችን ወለሉ ዋለለ፣
አልጋዬም ወደ አዌቱ ወንዝ ዘንበል እያለ
እንቅልፍ ቢነሳኝ፣ ወንድሜን ጠራሁት።
ነዚፍ ግንበኛ ነው፤ በአፍ አያምንም ነገር፣ ያምናል በልኬት።
በርከክ አለና ውሃ ልኩን ዘረጋ፤
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አረፋዋን አያት፣ በባትሪ፣ ሳይነጋ።
መሐል ላይ ቆማለች፤ ንቅንቅም አላለች።
«ቤትህስ ልክ ነው» አለኝ፣ «ነፍስህ ናት ያልረጋች።»

እውነቱን ነው።
አሥር ወር ሙሉ ነው ከውሃ ልክ በታች ያደርኩ የዋልኩት፣
በሽርሽሩ መርከብ፣ ዜሮኛው ወለል ላይ፣ ማጠቢያው ካለበት።
ከላይ አሥራ አራት ፎቅ፦ ገንዳና ሙዚቃ፣ ቲያትርና ቁማር፤
ከታች እኛ ንቦች፣ ዋያን፣ ሮዴልና እኔ፣
አበባውን ሳናይ የምንጋግር ማር።
ስሜ ኸይረዲን ነው። የደረት ባጄ ላይ ቦታ ጠበበና
«ዲን» ተብዬ ቀረሁ፤
ኸይሩን ቆረጡት፤ ዲኑ ይበቃል ብዬ፣ ሳቅ አልኩና ሠራሁ።

ባሕሩን አላየሁም። ከአንሶላው ላይ ነው ያነበብኩት፦
አሸዋ ካራገፈ፣ ደሴት ነው የዋሉት፤
ቀይ ወይን ከነካው፣ የጋብቻ ዓመት አክብረው ነው ያመሹት።
እንባም ይኖር ይሆናል፤
ግን እንባ እድፍ የለው፣ በምን ይለያል?
አንዴ ከትራስ ልብስ ጥርስ ወደቀ፤ የሕፃን፣ የወተት።
እንደ ልጅነቴ ጣራ ላይ ልወርውር ብዬ ቀና ብል
አሥራ አራት ፎቅ አለበት።
ለአለቃዬ ሰጠሁት። በፖስታ አሽጎ ቁጥር ጻፈበት።

ቀትር ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ፦ «በስተቀኝ፣ ዶልፊኖች!»
ከራሳችን በላይ የሚሮጥ የእግር መዓት።
እኛ በስተቀኛችን የአንሶላ ካውያ፣ በስተግራ ፎጣዎች።
ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ፣ የአደጋ ልምምድ ሲደወል፣
ብርቱካንማ ጃኬት ለብሰን ስንሰለፍ፣
በጀልባውና በሮዴል ትከሻ መሐል
የጣት ስፋት ያህል ባሕር አያለሁ።
ግራጫ ነበረ።
ደወሉ ቆመና ወረድን።

ሄርማታ ገበያ ማር ሻጯ፣ ባለሱቁ አባ ዱራ፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር፦
«ባሕር ምን ይመስላል?»
«ሰማያዊ» እላለሁ፣ የትምህርት ቤት ካርታ ጠርቼ ለምስክር።
ደስ ይላቸዋል። ማር ሻጯማ መረቀችኝ።
የእህቴ ልጅ ሙባሪክ ግን፣ እሱ አይጠይቅም፣ ያሳያል፤
ጉማሬ እንይ ብሎ ቦዬ ይዞኝ ሄዷል።
ቆምን፣ እግራችን እስኪዝል።
ሁለት ጆሮ ብቅ አለ፤ ተነፈሰ፤ ጠለቀ።
«ሌላው ሰውነቱስ?»
«ከታች ነው» አልኩት።
«እታች ምን ይሠራል?»
«ተረኛ ነው።»

አዲሱ ክፍላችን፣ በአሥር ወር ፎጣ፣ መስኮት ልክ ደርሷል፤
ብሎኬቱም አልቋል፤
ከወኪሉ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተደውሏል።
መስከረም ሳይጠባ፣ ጄኖቫ ወደብ ላይ እንድገኝ ነው የሚሉኝ።
ሌሊት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው
የማጠቢያው ከበሮ የሚዞር እየመሰለኝ
ብድግ እላለሁ፤ እጄ በጨለማ
የሌለ አንሶላ ጫፍ ይፈልጋል፣ ከሮዴል ጋር ሊያጥፍ።

ዛሬ ጠዋት ነዚፍ ሜትሩን ይዞ መጣ፦
«መስኮቱን ስንት በስንት ላድርገው?»
ቁጥር አልመጣልኝም። እጄን ዘረጋሁ።
«ይኼን ያህል?»
ገና ነው አልኩት።
አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ፣
ጣቴ የግድግዳውን ጥግ እስኪነካ።
ነዚፍ ዝም ብሎ አየኝ፤
ሜትሩን ቀስ አድርጎ እየጠቀለለ፣
«እንዲህማ ከሆነ፣ ወንድሜ፣
ጣራው ምን ላይ ይቆማል?» አለ።