ጥሎ ማንሣት

ከባቱሚ ወዲያ፣ የሻይ እርሻው ተትቶ ዱር በሆነበት፣
ተራራው ባሕሩን ሊያይ ጎንበስ በሚልበት፣
መስከረም ሲጠባ፣ ሰማይ ትጠባለች፤
ግራዋን ለጥቁር ባሕር፣ ቀኟን ለደመና ሰጥታ
እንደ ክር ትቀጥናለች።
በዚያች ክር ላይ ያልፋሉ
ጥፍር ያላቸው ሁሉ፤
ጭልፊት፣ ጭላት፣ ንስር፣ ሺህ በሺህ ተከታትለው፣
ክንፋቸውን ሳይመቱ፣ ከሙቀት ላይ ተንጠልጥለው።

እኔ ሙርማን ነኝ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቴ።
ቀኝ ትከሻዬ ላይ ያለው ጠባሳ የሰደፍ ነው፤
ሰደፉ የአባቴ።
ጭልፊት ጥለናል፣ ጭላት ጥለናል፣ ንስርም አንድ ቀን።
ለምን? ብትሉኝ፣ አንዳንዱን በልተን፣
አንዳንዱን እሾህ ውስጥ ወድቆ ሳናገኘው ቀርተን፣
አንዳንዱን እንዲያው፣
ጎረቤት ስላየን።

ማክቫላ፣ የልጄ ልጅ፣ ካሜራ አመጣችልኝ፤
አሮጌ ነው፣ ሌንሱ ክንድ ያህላል፤ "እስኪ ሞክር" አለችኝ።
ውሻዬ ቶሊያ ከሩቅ አየችው፤ መሣሪያ መሰላት፤
ወገቧ እያመማት ተከትላኝ መጣች፣
ዛሬም የሚወድቅ አለ ብላ፣ በጉጉት።

በመጀመሪያው ቀን መቶ ሠላሳ አነሣሁ፤
ሁሉም ባዶ ሰማይ፤ በአንዱ ጥግ የምንቃር ጫፍ ብቻ።
ጥፋቴ የገባኝ ማታ ነው፤
ከወፉ ፊት ፊት ነበር የማነጣጥረው፣
እርሳሱ እስኪደርስ እሱም እንዲደርስ ብዬ።
ብርሃን እንደ እርሳስ አይዘገይም፤
ጣት ሳይለቀው ደርሷል።
"አያቴ፣ የሚሄድበትን ተወው" አለች ማክቫላ፤
"ያለበትን ያዝ።"
ይኸው ስንት መስከረም፣
ያለበትን አይቼው አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ከባሕር በኩል መጣ፤
ማዕበሉን ሊነካ ደርሶ፣ በጥዱ አናት ወጣ።
ዓይኑ ቢጫ ነበር፣ የመንደሪን ቢጫ።
ይህን ቀለም አላውቀውም፤
እጄ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ
ተከድኖ ነበር የማገኘው።
ትንፋሼን ያዝሁ። ትንፋሹ ያው ነው፤
ጣቱ ያው ነው፣ አንድ ዓይን መጨፈኑም ያው ነው፤
ልዩነቱ ከድምፁ በኋላ ነው።
ከድምፁ በኋላ
እሱ መንገዱን ይሄዳል።

ቶሊያ ብቻ አልገባትም።
ቀጭ! ሲል ጆሮዋን ታቆማለች፤
ሰማዩን ታያለች፣ እሾሁን ታያለች፣
ከዚያ እኔን፣ ረጅም ጊዜ፣ እኔን ታያለች።

ማታ ማክቫላ ምስሉን አጎላችው፤
ቀኝ ክንፉ ላይ ሦስት ላባ የለም፣
በጎደለው በኩል ባሕር ይታያል።
"ላባ እየቀየረ ይሆናል" አለች። ልጅ ናት።
እኔ የእርሳስን ሥራ አውቀዋለሁ፤
ከላባው ሥር የቀረችውን ክብ ነጥብ አውቃታለሁ።
የማላውቀው የማን እንደሆነች ነው።
የሰሜን ሰው ይሆናል፤ ጎረቤቴ ዘቡር ይሆናል፤
የአምና ቁስልም ይሆናል።
አምና እኔም እዚሁ ነበርሁ።

ጠዋት ዘቡር ከአጥሩ ማዶ፣ ጥይቱን እየቆጠረ፣
"ስንት ጣልህ?" አለኝ።
"አራት መቶ አነሣሁ" አልሁት።
ሳቀ፤ ጫማውን አሠረ፤
ሽቅብ ወጣ፤ ዳገቱ ዋጠው።

ዝናብ መጣ። ወፍ የለም። ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግሁ።
ከላይ አንድ ተኩስ ተሰማ፣ ጭጋግ ያፈነው፣
ቶሊያም ተነሣች፤ ወደ እሾሁ አንድ እርምጃ፣
ከዚያ ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረች፣
ልሂድ? አልሂድ?
የምላት አጥቼ ሌንሱን ወደ እሷ አዞርሁ።
ለቅርብ አይሆንም፣ ለሩቅ ነው የተሠራው፤
ደብዝዛ ወጣች፤
ጆሮዋ ብቻ ይለያል።