ሰፊ ቁምጣ

መጋዙ ሲያጓራ፣ ጀሶው ሲሰነጠቅ፣
ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ደም ይፈሳል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤
ስገልጠው ተጋድሟል የማላውቀው እግር።
ገርጥቶ የነጣ፣ ጠጉሩ የረዘመ፣
ድንጋይ ተጭኖት እንደ ሣር የከረመ።
“የማን ነው?” አልኋቸው።
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቢቸና ነኝ እኔ፤ ቁምጣ ነው ሥራዬ፤
አረንጓዴ ካኪ፣ ሲንጀር ነው በሬዬ።
ሃያ ሦስት ዓመት በቀኝ እግሬ ስነዳው፣
ከደጋ ከቆላ የሚመጣው ገዢ፣ ባቱ ነው የሚያኮራው፤
ወገቡን ለክቼ፣ ጭኑን ስለካለት፣
“ባቴ ይታይ” ይላል፣ “ከጉልበት በላይ ቁረጥ፣ አታርዝምበት።”
እኔም ባት ነበረኝ፣ ፔዳል ያበቀለው፤
ሎሚ የዋጠ እግር፣ አንሙት የሚለው፣
ተለማማጄ ነው።

ለደብረ ወርቅ ገበያ፣ አይሱዙ ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ በላይ፣
ጨርቄን ታቅፌ ነው የወደቅሁ፣ ኩርባው ሲመጣ ሳላይ።
አጥንቱ ሁለት ቦታ።
“አታንቀሳቅሰው” አሉኝ። እሺ ብዬ ታዘዝሁ፤
ሦስት ወር ሙሉ፣ እንደ ክቡር እንግዳ፣ ትራስ ላይ አስቀመጥሁ።
አጥንቱስ ገጥሟል፤ በራጁ አይቻለሁ፤
ሥጋው ግን የት ሄደ? ማንን እጠይቃለሁ?
ሌባ አልገባ ቤቴ፣ የኔአየሁ በሩን ዘግታው፤
ከጀሶው ውስጥ ገብቶ፣ ማን ነው ስፌቱን የፈታው?

ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድሁ።
የግራው ባት ሠላሳ ስድስት። ጻፍሁ።
የቀኙ፣ ሃያ ዘጠኝ።
ተሳሳትሁ ብዬ ደገምሁት፤ ሃያ ዘጠኝ አለኝ።
ከሐኪሙ ቀድሜ፣ ከንስሐ አባቱ ቀድሜ፣
የሰው መክሳት ያወቅሁ፣ ሜትር አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣
የራሴን አላየሁም።

ሲስተር ትሁን ልጅ ናት፣ የማቻክል፤ ጣቷ ግን ጨካኝ፤
ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር፣ “ተጫነው” አለችኝ።
“ሥጋ” አለች “ሥራ ሲፈታ ሰውነት ይታዘበዋል፤
ምን ሊሠራልኝ ብሎ፣ ቀለቡን ያቆመዋል።”
ተጫንሁት።
ፎጣው ዝም። ጭኔም ዝም።
ትእዛዜ፣ እንደ ተላከ ልጅ፣ መንገድ ላይ ሲጫወት ቀረ፤
ላብ ብቻ ከግንባሬ ወርዶ ጆሮዬን ዞረ።
በአምስተኛው ቀን ግን
ከጭኔ ላይ አንዲት ነገር፣ በቆዳው ሥር ብልጭ አለች፤
እንደ ዓሣ ጀርባ፣ ታይታ ጠለቀች።
“አየሽ?”
“አየሁ” አለች።

ቤት ስመለስ አንሙት፣ ቁምጣዬን ዘርግቶ፣ “ላጥብበው?” አለ፤
“ቀኙ እግርህ ይዋኝበታል፤ ነገ ደግሞ ገበያ አለ።”
መቀሱን ቀማሁት።

መስከረም ሲጠባ እናቶች፣ የተማሪ ልብስ ሲያሰፉ፣
“አስፍተህ ስፋው፤ ያድግበታል” ይላሉ፣ ሁለት ጣት ላተርፍ እየለፈፉ።
አተርፋለሁ። ልጁ እጅጌው ውስጥ ጠፍቶ ይሄዳል፤
ፋሲካ ሲደርስ፣ አንጓው ይታያል።
የኔም እናት፣ ሁለት ቀብራ፣ ሦስተኛውን ስትፈራ፣
ቢያድግልኝ ነው ያለችኝ፣ ስሜን አስፍታ ስትሠራ።

ተወው አንሙት።

ሲንጀሩ ዘንድ ተቀመጥሁ። ግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር አጠፍሁ፤
ቀኙን በሁለት እጄ አንሥቼ ፔዳሉ ላይ አኖርሁ።
አንድ ስፌት። ክሩ ተበጠሰ።
“እኔ ልርገጥልህ?”
“አትንካ።”
አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ራደ፤
ካኪው አንዲት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄደ።
ከደጅ አንድ ገበሬ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣
“ቁምጣዬ ደረሰ ወይ?” ይላል፣ ከፀሐይ ቆሞ።
ገና ነው ወንድሜ፣ ግባና አረፍ በል፤
ሰፊው እየሰፋ ነው።