ስም ቀይር

ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ቆሞ የከረመ፤
አቶ ደምሰው ድርሰቴን በቀይ ቀለም እያከመ፦

«ጅቡን "አደራው" ብለሃል፤ ይሁን፣ እሱንስ አለፍኩልህ፤
ቀበሮውን "እውነቱ"፤ ይህንንም ዋጥኩልህ።
ግን ይሄ አህያ፣ ጭነቱን ሜዳ የሚጥለው፣
ስሙን "ይበቃል" ስትል፣ ማንን ነው የምትለው?»

«እናቱ ናት ያወጣችው፣ ዘጠኝ ወልዳ ሲደክማት።»
«ቀይር!» አለ። ብዕሩ ወረቀቷን ቀደዳት።

ጉሮሮው ደርቆ ኖሮ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣
ወደ ኮሪደሩ ጮኸ፣ አንገቱን አስግጎ፦
«ይበቃል! … አንተ ይበቃል!» ሦስቴ፣ አራቴ፣ በኃይሉ፤
ደረጃው ተቀባበለው፤ ታች፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ
ቀና አሉ ወደ ላይ —

«አቤት» አለ ሽማግሌው፣ በትሪ ሁለት ብርጭቆ ሻይ።