ቢያንስ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣
ባሕሩ ላብ ለብሶ፣ ትቢያ ለብሶ ሰማይ፣
እኔና ሻጂ ነን፣ ሁለት የሌሊት ሰው፣
አንድ ቆጠራ ይዘን፣ ማንም ያልጨረሰው።

አለቃችን የሚሻው አንዲት ቁጥር ናት፦
«ይህ የክሪፕቶ መረብ ስንት ኮምፒውተር ነው?
የትኛው አገር ስንቱን ይዟል?
ማክሰኞ በጠዋት፣ ጠረጴዛዬ ላይ፤ ካርታውም በቀለም።»

መረቡ ግን ሹም የለው፣ መዝገብ የለው፣
በሩ ላይ ቁጥር የለጠፈለት ቀበሌ የለው።
መጠየቅ ነው ዘዴው፣ አንዱን አንኳኩቶ፣
ከነገረው ደጃፍ ደግሞ በሌት መጥቶ፦
«አንተስ የማን ወዳጅ? አንተስ የማን ጎረቤት?»
ዘር ቆጥረው እንደሚተዋወቁ መንገደኞች፣
ከቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤት።

አንዳንዱ አድራሻ ከሞተ ከርሟል፤
ወዳጆቹ ግን መርዶውን አልሰሙ፣
ዛሬም አለ ብለው ይጠቁሙናል።
እናንኳኳለን። ዝም።
ሻጂ ከዝርዝሩ ሲፍቀው «ነፍስ ይማር» እላለሁ፤
ትርጉሙን አያውቅም፣ አሜን ግን ይላል።

ካርታውም ይዋሻል።
ፍራንክፈርት ነኝ ያለው፣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት
ከእኛው ሕንፃ ሥር፣ ከሻዋርማው ቤት በላይ፣
አገሩን በሌላ ስም የጠራ ጎረምሳ ነው።
አገሩ እንጂ ከተማው ያልታወቀውንማ
ፕሮግራሙ ወስዶ ከአገሩ እምብርት ይጥለዋል፤
ይኸው፣ ግመል እንኳ በማይቆምበት አሸዋ መሐል
አርባ ኮምፒውተር በርቷል፣ እንደ ሠርግ ቤት።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር» አለ ሻጂ፣
ከባሕሩ ዳር የገዛነውን ጥብስ እየፈለፈለ።
«መቶ ዓሣ ትይዛለህ፤ ክንፉ ላይ ክር ታስራለህ፤ ትለቃለህ።
በማግሥቱ መቶ ትይዛለህ።
አሥሩ ባለ ክር ከሆኑ
ባሕሩ ውስጥ ሺህ አለ በል።
ያላየኸውን የምትቆጥረው
ሁለቴ ባየኸው ነው።»

ሁለት ሌሊት አሰርን፣ ለቀቅን፣ ያዝን።
ቁጥሩ ወጣ። ሻጂ ተነሥቶ ጨፈረ።
እኔ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ ዓሣው አጥንት፦
የሚደውሉ አሉ፣ የማይደወልላቸው፤
ወደ ሰው ይወጣሉ፣ ዝግ ነው ደጃቸው፤
የሻጂን ክር አያውቅም ክንፋቸው።

ረውዳን አሰብኳት፣ የአክስቴን ልጅ፣ የባቲዋን።
አጅማን ናት፤ ከዚህ የሩብ ሰዓት መንገድ፣
አራት ዓመት ግን አላየኋት።
ስልኩ ሲመለስላት ከመታጠቢያ ቤት ትደውላለች፣
ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፅዋን በውሃ ሸፍና።
እኔ ብደውል፣ የሚጮኸው ከእመቤቷ እጅ ላይ ነው።

አንድ ዓርብ በሮላ መናፈሻ ልቆጥር ወጣሁ፤
ሣሩ ላይ የተቀመጡ፣ የወሎ ቅላፄ ያላቸው ሴቶች።
በሚቀጥለውም ዓርብ ሄድኩ፤
ያየኋቸውን ለየሁ፣ አባዛሁ፣ አካፈልኩ።
ሒሳቡ ልክ ነው።
ግን ዓርብ የሌላት ሴት
በየትኛው ዓርብ ትያዛለች?

ማክሰኞ ሪፖርቱን አስረከብን።
ግርጌው ላይ በትንሽ ፊደል ጽፌ ነበር፦
«ይህ ቁጥር በር የከፈቱልንን ብቻ ነው፤
የቀረው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የቀረው ነው።»
አለቃው ካርታውን ወደደ።
ግርጌውን «አጥፋው» አለ፣ «ያደናግራል።»
አጠፋሁት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኬ አንዴ ጮኸ፤
የማላውቀው ቁጥር፣ ሳላነሣው ተቋረጠ።
ከበስተኋላው ውሃ ይፈስ ነበር ልል አልችልም፤
አላነሣሁትም፣ ምንም አልሰማሁም።
ባዶ ወረቀት ሳብኩና
አንድ ብዬ ጻፍኩ፤
ከፊቱ ደግሞ፦ ቢያንስ።