ስሟን ያላወቅኋት ቅመም

ባሕር ዳር፣ ፔዳ በር፣ ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ
አንማው ሱቅ አለው፣ ጠባብ፣ እስከ ጣራው ተቆልሎ።
"ህንድ ቤት" ይሉታል፤ እሱ ግን የቢቸና ልጅ፣
ህንድን በካርታ አያውቃት፣ በካርቶን ላይ ነው እንጅ።

ዛሬ ገባሁበት፣ የሻረግ አለመኖሯን አጣርቼ፣
ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ግራ ቀኙን አይቼ።
"ምን ልስጥዎ እትዬ?" ሲለኝ፣ አፌ ላይ ቃል ጠፋ፤
ስሟን ጠይቄ አላውቅ፤ የማውቃት ስትከረፋ።
"ቢጫ ጣሳ ናት" አልኩት፣ "ትንሽ፣ ጭብጥ የማትሞላ፤
ሲከፍቷት የምታባርር፣ ዘይት ሲነካት የምታስበላ።"

አወረደ። እርድ በፕላስቲክ፣ ዝሆን የተሳለበት።
"ይኸ እርድ ነው ልጄ፤ ጓዳዬ ሙሉ አለበት።"
አወረደ። አብሽ፣ በወርቅማ ሣጥን ታሽጎ።
ምን አጥፍቶ ታሰረ አብሽ? ማንን ምን አድርጎ?
አወረደ። ቀይ ዱቄት፤ ፊደሉ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የመሰለ፤
ከተቀደደው ጥግ ቀመስኩት፤
የቡሬን ለለመደ ምላስ፣ ይኸ ምኑን ተቃጠለ!

በመጨረሻ ነገርኩት።

"ዶክተር ፓድማጃን ታውቃት የለ? የሂሳቧን አስተማሪ፣
አራት ዓመት ከመንፈቅ የሰርቪስ ቤቴን ነዋሪ?
ሥጋ አትበላ፣ እንቁላል አትነካ፣ የፋሲካ ዕለት እንኳ ቢሆን፤
ከየሻረግ ጋር ተማከርን፦ ሴትዮዋ ጻድቅ ትሆን?
ግን ዓርብ ዕለት በጠራራ፣ ደጃፍ ላይ ምድጃ አውጥታ
ሻይዋን በወተት አፈላች፣ እኛንም ኑ ብላ ጠርታ።
የሻረግ አማተበች።
እኔ ግን አልኩ፦ ከወተቱ ትገድፋለች፣ ከሥጋው ትጾማለች፤
እግዜር እንዴት ያስበው? እሷው ታስላው፣ ሂሳብ ትችላለች።

ማታ ዘይቷ ሲጮኽ፣ ሰናፍጭ ሲፈናጠር ከድስቷ፣
መጀመሪያ መስኮቴን ዘጋሁ፤
ኋላ ወንበሬን አስጠጋሁ ከመስኮቷ።
ክክ በሳህን ትሰጠኛለች፤ እኔም ሳህን ባዶ አልመልስ፤
እሷ አማርኛ እስክትለምድ፣ ሳህኑ ነበር የሚመላለስ።

አምና መንገድ ሲዘጋጋ፣ ኮንትራቷም ሲያልቅ፣
ቁልፉን ሰጥታኝ ሄደች፣ ጠቅልላ በቀይ ጨርቅ።
ክፍሉን ሁለቴ ቀባሁት፣ ሁለቴ በኖራ፤
ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ሽታው ከግድግዳው ያወራ።
ዘንድሮ ክረምት ግን ዝም አለ።

ስለዚህ መጣሁ።"

አንማው ወንበር ላይ ወጣ፤ ጥግ ውስጥ፣ ከአይጥ ወጥመዱ ኋላ
አገኛት። አንዲት ብቻ። ጭብጥ የማትሞላ።
"ሂንግ ነው ስሟ" አለኝ፤ "ከእንግዲህም አይመጣ፤
ዶክተሮቹ ከሄዱ ለማን ብዬ ላምጣ?"
"ስንት?" "አራት መቶ ሰማንያ።" "ለዚች? ለዚች ግማት?"
"እሱ ነው እኮ የሚሸጠው፤ ከግማቷ ሌላ ምን አላት?"

ቀኗ አልፏል፣ አየሁት፤ ክዳኗ ጫፍ ላይ ተጽፏል።
ቀኑ ያለፈበት ቢጣል፣ ማን ሰፈር ውስጥ ይተርፋል?
በአራት መቶ ተስማማን፤ ከመቀነቴ ቆጠርኩ፤
በሦስት ፌስታል ጠቀለላት፤ ባጃጅ ውስጥ ግን ተጋለጥኩ።
ሾፌሩ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎም የእኔን ጫማ፤
እኔም ወደ ጣና ዞርኩ፣ እንዳላየ፣ እንዳልሰማ።

ማታ ክክ ቀቀልኩ። ዘይት አጋልኩ ለብቻ።
በጥፍሬ ጫፍ ቆንጥሬ ጣል፤ አንዴ፣ ትንሽ ብቻ።
መጀመሪያ ገማ። ከዚያ ጣፈጠ። ከዚያ በመስኮት ወጣ፤
ወዲያው የየሻረግ ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ፦
"አንች ስለናት! ዶክተሯ ተመለሰች እንዴ?"

ማማሰያ ይዤ ቆምኩ። የሰርቪሱን በር አየሁ አንዴ።

"ገና ናት" አልኳት። "ሳህን ይዘሽ ነይ።"