ሲመሽ ግቡ

እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ «ሲመሽ ግቡ» የምትለው፤
ይህን ብላ ወደ ላሟ፣ ወደ ባልዲው ነው የምትዞረው።
ሰኔ ግን በኛ ሰሜን፣ በኬሚ ወንዝ አጠገብ፣
ፀሐይ ዝቅ ትልና፣ ጥድ ጫፍ ላይ ቆም ብላ ስታስብ፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ሽቅብ ትመለሳለች፤
ሌሊቱን ነፍጋን ሌላ ቀን ትሰጠናለች።
ታዲያ በምን እንግባ? ሕግ የጣሰ አልነበረም፤
አልመሸም።

አራት ነበርን፤ ታውኖ፣ ኢርያ፣ እኔ ኤሊስ፣
ደግሞም የታውኖ ታናሽ ቬይኮ፣ ቆቡ እስከ ዓይኑ የሚደርስ፣
«ጠብቁኝ!» እያለ ከኋላ የሚያለቅስ።

ወንዙ ያኔ ውሃ አልነበረም፤ ግንድ ነበር ከዳር እስከ ዳር፣
ከላይ ደን ተቆርጦ ወደ መሰንጠቂያው የሚተም እንደ ጦር።
በላዩ ላይ እንሮጣለን።
የረገጥከው ይሽከረከራል፤ ሳይጥልህ ሌላው ላይ መገኘት ነው፤
እግር ያስብ እንጂ፣ ራስ ያሰበ ዕለት መስጠም ነው።
ማን አስተማረን? ማንም። ጠባሳችን ነበር ሀሁ።
አዋቂም ቢያየን ፒፓውን ከአፉ ነቅሎ
«ደህና ዋላችሁ?» ይላል፤
ያልፋል።

ለአራት አንድ ቢላ፣ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ገመድ፤
የአጃ ዳቦ በኪሳችን፣ ውሃ ካልነካው የማይገመጥ እንደ ግንድ።
የማን እንደሆነ በማናውቀው የድርቆሽ ጎተራ
ጫማችንን ተንተርሰን እንወድቃለን በተራ፤
ስንነቃ ትናንት ይሁን ዛሬ የሚነግረን የለም፣
ፀሐይዋም ብትጠየቅ «እንጃ» ከማለት አታልፍም።

«የት ነበራችሁ?»
«የትም።»
«ምን ስትሠሩ?»
«ምንም።»
በነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው
ልጅነቴ በሙሉ ያለው።

አንድ ቀን ከኋላችን ጸጥ አለ።
«ጠብቁኝ» የሚል ጠፋ።
ዘወር ብንል ግንድ ብቻ፣ እንደ በር ግጥም ብሎ፣
ቆቡ ላዩ ላይ፣ ሰው ያስቀመጠው ይመስል፣ ተደላድሎ።
ቆጠርን፤ ሦስት።
ደግመን ቆጠርን፤ ሦስት።
ሰማዩ ወለል ብሎ በርቷል፤ ወፏም ገና አልተኛችም፤
ለመግባት ሰዓቱ አልደረሰም።

እና እኩዮቼ በየሳውናው ላብ እየጠረጉ
«የኛ ጊዜ ልጅ ልጅ ነበር!» እያሉ ሲያወጉ፣
ዝም ብዬ ውሃ አፈሳለሁ በጋለው ድንጋይ ላይ።
የሚያወድስ የተረፈው ነው፤ ቬይኮን ማን ጠየቀው ወይ?
ግን ደግሞ (ይህን ለልጄ ለማርኬታ አልነግራትም)
ነፍሴ ከዚያ በቀር ሌላ አገር አታውቅም።
ዛሬም፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር
እግሬ ግንድ ይፈልጋል፤ የሚሽከረከር።

ወንዙ ተገድቧል። ግንዱ በከባድ መኪና ነው የሚሄደው።
ውሃው እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነው።
የልጅ ልጄ ኦንኒ ለክረምት እኔ ዘንድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ፤
እጁ ላይ ሰዓት አለ፣ ጊዜ ሳይሆን ልጁን የሚቆጥር፤
እናቱ ኦውሉ ተቀምጣ በስልኳ ታየዋለች፤
አንዲት ሰማያዊ ነጥብ፣ ስትሄድ፣ ስትቆም፣ ስትዞር።

ትናንት ሌሊት፣ በዚያ የማይሞት ብርሃን፣
«አያቴ፣ ወንዙ ዳር ልሂድ?» አለኝ።
ከዚያ ራሱ ለራሱ «ከማን ጋር?» አለ፤
ጫማዬን እስካደርግ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
ጫማ አላደረግኩም።
ሰዓቱን ፈታሁና እጄ ላይ አሰርኩት፤
በመጨረሻው ቀዳዳ እንኳ ጠበበኝ።
«ሲመሽ ግባ» አልኩት።
ሰማዩን አየ። እኔን አየ። ከት ብሎ ሳቀ፣
እና ሮጦ ራቀ።

አሁን መስኮቱ ሥር ነኝ። ከኦውሉ መልእክት መጣ፦
«ቤት ነው አይደል? ጎበዝ ልጅ፤ ዛሬስ የትም አልወጣ!»
በስልኳ ላይ ሳትነቃነቅ የተቀመጠችው ነጥብ
እኔ ነኝ።
ከሸምበቆው በላይ አንዲት ጭንቅላት ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች።
እቆጥራለሁ፤ አንድ።
ደግሜ እቆጥራለሁ።
ገና አልመሸም።